ነፍስ ያለው አይቆጠርም

አባቴን ወደ ወፍ ቆጠራ የወሰድኳቸው ለወፎቹ ብዬ አይደለም። እውነቱን ልናገርና ለራሴ ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ ጎረቤት ያወራል፣ እሳቸው ዝም ይላሉ። ሜዳ ካወጣኋቸው ምናልባት ስለ እህቴ ይነግሩኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ሱዳን፣ መጠለያ ካምፑ ውስጥ የሞተች እህት ነበረችኝ፤ እኔ ያኔ ገና ጡት አልተውኩም ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች «አባትሽን ጠይቂ» ትለኝ ነበር፤ ሦስቱ ታላላቆቼም ያንኑ ይሉኛል፤ አባቴ ደግሞ ስሟን እንኳ አንሥተው አያውቁም። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላም የማላውቃት ልጅ ትናፍቀኛለች። ይህንን ለሰው ብናገር ያበድኩ ይመስለዋል።

የምሠራው አድ ሃሎም በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ነው፤ አርብ ግን የራሴ ቀን ነው። በዚያ ክረምት በከተማችን በአሽዶድና በዙሪያዋ ምን ምን ዓይነት ወፍ እንዳለ ለማወቅ በጎ ፈቃደኞች አርብ አርብ ጠዋት ይወጡ ነበር። የምትመራን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች። ሥራው ቀላል ነው፤ ከተመደበልህ ቦታ ዐሥር ደቂቃ ቆመህ ያየኸውን ሁሉ በዓይነትና በቁጥር ቅጹ ላይ መሙላት። ለእኛ የደረሰን ላኪሽ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት፣ የወደቡ ክሬኖች የሚታዩበት ዳር ነበር።

በመጀመሪያው አርብ እኔ የሩቅ ማያ መነጽሬን ሳላስተካክል አባቴ በከዘራቸው ሦስት ዓይነት ወፍ አሳዩን። አስተማሪዋ ተደስታ፣ ከማዶ ያሉት ሳቢሳዎች ስንት እንደሆኑ ጠይቂልኝ አለችኝ። ጠየቅኋቸው።

«በቂ ናቸው» አሉ።

እንዳለ ወደ ዕብራይስጥ ተረጎምኩላት፤ ምን ላድርግ? ቀልድ መስሏት ሳቀች። አባቴ ግን አልቀለዱም። በእሳቸው አገር ነፍስ ያለው ነገር አይቆጠርም። ሰው ልጁን አይቆጥርም፣ ከብቱንም አይቆጥርም፤ የተቆጠረ ዓይን ይበላዋል። ስንመለስ፣ ቅጼ ግማሹ ባዶ ስለቀረ ተናድጄ፣ ታዲያ ከብት ሲጎድል በምን ታውቁ ነበር አልኳቸው። የጎደለችዋ ራሷ ትታወቃለች አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ተከፋፈልን፤ እሳቸው ያያሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ። ጮክ ብዬ ስቆጥር ፊታቸውን አዙረው ከክፉ እንዲሰውራቸው ለወፎቹ ይጸልዩ ነበር። ስለ እህቴ ግን አንዲት ቃል የለም። አንድ ቀን ዘዴኛ የሆንኩ መስሎኝ፣ ሱዳንስ ምን ዓይነት ወፍ ነበር ብዬ ጠየቅሁ። አሞራ ብቻ ነበር አሉና ቀድመውኝ የቤቱን መንገድ ጀመሩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

የመጨረሻው አርብ ደረሰ። ሁልጊዜ ከወንዙ በላይ ሽቦ ላይ ተቀምጣ ዓሣ የምትጠብቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ነበረች፤ አባቴ ከጣና ዳር የሚያውቋት ዓይነት ናት። ያን ቀን የለችም። ከዐሥር ደቂቃውም አልፈን ጠበቅን፣ አልመጣችም። እስኪብርቶዬን አንሥቼ መስመሯን ልሰርዝ ስል አስተማሪዋ ከለከለችኝ፤ አይሰረዝም፣ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ አለች። ጻፍኩ።

ምን እንደጻፍኩ አባቴ ጠየቁኝ። ያቺ ወፍ አልመጣችም ብዬ ነው አልኳቸው።

«በዚያ ቶፌስ ላይ የሌለችውንም ትጽፋላችሁ?» አሉ፤ ቅጹን በዕብራይስጥ ስሙ ነበር የሚጠሩት።

«እዚህ የምትታወቅ ከሆነች አዎ፣ አባባ። ካልተጻፈች ጭራሽ እንዳልነበረች ይሆናል።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ውኃው ተመለከቱ። ወደ ወደቡ የሚሄድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ሰው ሁሉ አራተኛ ልጄ ይልሻል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሡ። «አይደለሽም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛዋ እሷ ናት። አንቺ አምስተኛ ነሽ።»

ዕቃ መሰብሰቤን ተውኩ። አባቴ ልጆቻቸውን ሲቆጥሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«እስከ ሱዳን መንገዱን ሁሉ አዝላሽ የመጣች እሷ ናት» አሉ። «ከእሷ ጀርባ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስድሽም ነበር።»

ከዚያ ስሟን ነገሩኝ። ሁለት ጊዜ ጠሩት፤ ሁለተኛው ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ጀርባ ለማስታወስ ሞከርኩ። ምንም አልመጣልኝም።