መቃን ላይ የቀሩ እጆች

አናጢዋ መጀመሪያ በሩን ከማጠፊያው ታወርደዋለች። ብሎኑ ዝጎ እንቢ ካለ ዘይት ጠብ ታደርግበትና ሌላ ሥራ እየሠራች ትጠብቀዋለች፤ በጉልበት አትታገለውም። ቀጥሎ የመቃኑን ስፋት በሜትር ትለካለች፤ ላይ፣ መሐል፣ ታች። ሦስቱ ልክ እኩል ካልመጣ ጥፋቱ የግድግዳው ነውና ባለቤቱን ጠርታ ትነግረዋለች። ከዚያ የበሩን ጠርዝ በመላጊያ ትልጋለች። ፍቅፋቂው ሳይበጠስ እንደ ጥምጥም ከወጣ መላጊያው ስለት አለው፤ እየተቆራረጠ ከወጣ ትታው ትስላለች። በመጨረሻ ጣውላውን ወደ ፊቷ ታነሳና አንድ ዓይኗን ጨፍና መቅናቱን ታያለች።

አናጢ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያየው። እሷ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጨፈነችው ግራውን ነበር። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ብናኝ ገባባትና እስኪወጣ ብላ በግራዋ አየች። ጣውላው የለም። መሐል ላይ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ትታያለች፤ የቀረው ጭጋግ ነው።

“ሰው ሰርቆ የወሰደብኝ ነው የመሰለኝ” ትላለች።

የዓይን ሐኪሟ ነገሩን በአጭሩ ነገረቻት። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ነርቩን እየጎዳው ነው፤ ከዳር ነው የሚጀምረው፤ አያምም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው። ከግራው የጠፋው አይመለስም። ቀኙም ጀምሮታል፣ ግን ጠብታ ያቆየዋል።

“በዘር የሚሄድ ነገር ነው” አለች ሐኪሟ። “ከወገን ማን ነበረበት?”

በእናቷ በኩል አያቷ በሰማንያ ዓመታቸው መርፌ ያለ መነጽር ይሰኩ ነበር። ልጇ ተመረመረች፤ ደህና ናት። ወንድሟ ተመርምሮ ጠብታ ታዘዘለት። ስለዚህ ጥያቄው ያመራው ወደ አባቷ ነው። አባቷ ደግሞ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከተራራው ጀርባ ካለ መንደር ወርዶ፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ የሞተ ዝምተኛ ሰው ነው። ከመንደሩ ስም በቀር የነገራቸው ነገር የለም።

ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደች። እዚያ ተራራ ላይ የተወለደ አይመዘገብም፤ የሞተም እንዲሁ። ጸሐፊው ካዝናውን ከፍቶ ያወጣላት የከብት ክትባት መዝገብ ነበር።

“ዘመድሽ በሬ ከሆነ እናገኘዋለን” አላት።

ወንድሟ ተይው አላት። “አንድ ቀን ደህና ናችሁ ወይ ላላሉን ሰዎች?”

“እኛስ ብለን እናውቃለን? ስማ፣ እዚያ ላይ ሳያውቀው እየታወረ ያለ ሰው ይኖራል። እኔ ይህን እያወቅሁ ቁጭ ልበል?”

ከተራራው ሥር እስካለው ወንዝ በአውቶቡስ፣ ከዚያ አንድ ቀን ተኩል በእግር። መሮውን፣ መላጊያውን፣ መዶሻውን በከረጢት ይዛ ነው የወጣችው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ጠያቂ ነው፤ ጠያቂን ሰው ይሸሻል። በር የሚያበጅ ግን የትም ይገባል፤ እንዲህ ነበር ስሌቷ።

መንደሩ ሠላሳ አንድ ቤት ነው፤ ሁሉም የድንጋይ። የትውልድ ነገር የሚጠየቀው አንድ ሰው ነው፤ “ቆጣሪው” ይሉታል። የአባቷን ስም ስትነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። የአባቷ የአጎት ልጅ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው። አስቀምጦ ዘጠኝ ትውልድ በአንድ ትንፋሽ ወረደላት፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሌን ወለደ፤ አንዴም አልተደናቀፈም። ሴት ግን አንዲት አልጠራም።

“አጎቴ፣ ከነዚህ መሐል ዓይኑን የታመመ ነበር?”

ፊቱ ተለወጠ። “በእኛ ዘር ዕውር የለም!”

“ዘጠኝ አባት ቆጠሩልኝ፤ አንድም ዓይን አልቆጠሩልኝም እኮ።”

“የለም አልኩሽ፣ የለም።”

ተከራክራ አላተረፈችም። ሦስት ቀን የጠየቀችው ሁሉ ያንኑ መለሰላት፤ ቃሉ ሳይቀር አንድ ነው። በአራተኛው ቀን “እሺ፣ በራችሁ ይጎተታል?” አለች። የማይጎተት በር ያለው ቤት አልነበረም።

ከቆጣሪው ቤት ጀመረች። በሩን አውርዳ መቃኑን ለመለካት እጇን ስትሰድድ አውራ ጣቷ ገደል ገባ። በግራው መቃን ላይ፣ በደረት ከፍታ፣ እንጨቱ እንደ መስታወት ልሞ ጎድጉዷል። ቀኙ መቃን እንደተጠረበ ነው። ይህ ነገር አልጣማትም። ሰው በር የሚያስረጀው መቀርቀሪያው ጋ ነው፤ ዓይኑ የሚያይ ሰው መቃን አይደገፍም። ወጣ ብላ ግድግዳውን ተከተለች። ከበሩ እስከ ማዕዘኑ፣ ከማዕዘኑ እስከ መጸዳጃው፣ ድንጋዩ በዚያው ከፍታ ያብለጨልጫል።

“አጎቴ፣ ይሄን መቃን የበላው ማነው?”

“ላሟ ናት። ትታከክበታለች።”

“ላሟ ጣት አላት እንዴ?”

ከውስጥ ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። “አንተ ሰውዬ፣ የላሟን ስም ከምታጠፋ ንገራት! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።” እጇን በቀሚሷ እያበሰች ወጣች። “አክስቱ ናቸው፣ ልጄ። የአባትሽም አክስት። ሃያ ዓመት እዚህ ቤት ሲኖሩ እጃቸው ከዚያ መቃን አልተለየም። ከሞቱ በኋላ ስማቸውን የሚጠራ ጠፋ።”

ቆጣሪው መሬት መሬት አየ። “ሴቶች ልጆች አሉኝ። የዕውር ዘር ከተባሉ ማን ደጄን ይረግጣል?”

“እኔ ረግጬው የለም እንዴ?” አለችው። “ይኸው፣ በአንድ ዓይኔ።”

ከዚያ ቤት ለቤት ነው። በር ታወርዳለች፣ ትልጋለች፣ ትሰቅላለች፤ ጎን ለጎን መቃኑን በጣቷ ታነባለች። “ዕውር ነበረ ወይ?” ማለቱን ትታ “ይቺ እጅ የማን ናት?” ማለት ጀመረች። እንዲህ ሲጠየቁ አሮጊቶቹ መለሱ። እጅ አያሳፍርም መሰለኝ። የሰማችውን በካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ ጻፈች፤ የማን ልጅ፣ መቼ ጀመረው፣ ምን አለ። በአንድ ቤት ተሳስታለች፤ ጉድጓዱ ዝቅ ያለ ስለነበር ዕውር ሕፃን ኖሮ ይሆን ብላ ቀኑን ሙሉ ስታዝን ዋለች። እዚያ ግን እውነትም የምትታከክ ፍየል ታስራ ነበር።

በአሥራ ስምንት ቀን ሠላሳ አንዱንም ጨረሰች። ጣት የበላው መቃን ስድስት ተገኘ፣ ከስድስቱም ወደ ላይ ሲቆጠር የሚደረሰው አንዲት ሴት ላይ ነው፤ የቆጣሪው አያት፣ የእሷም ቅድመ አያት። ዘጠኙ አባቶች ውስጥ ያልተጠራች ሴት።

ካርቶኑን ይዛ ተመለሰች። ቆጣሪው በተበጀው በሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። በነዚህ ቀናት አንድ ነገር ልብ ብላለች፤ ዕቃ ስታቀብለው ዓይኑን ሳይሆን አንገቱን ነው የሚያዞረው።

“ወደ ፊት ይመልከቱ፤ አንገትዎን አያዙሩ። እርሳሱን ከጎን አመጣዋለሁ፣ ሲያዩት ይንገሩኝ።”

ከጆሮው ጀመረች። ጉንጩን አለፈች። ዓይኑ ጫፍ ደረሰች። አፍንጫው ጋ ስትደርስ “አሁን” አለ።

“እርጅና ነው” ሲል ጨመረ።

“ዕድሜዎ ስንት ነው?”

“ስልሳ አንድ።”

ታላቂቱ ልጁ፣ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ባልዲ ይዛ ቆማ ትሰማ ኖሯል። ባልዲውን አስቀመጠች። “አባባ፣ ባለፈው ወር መቃኑን በትከሻዬ የመታሁት ለምን ይመስልሃል? ሁለት ጊዜ። ቸኩዬ ነው አልኩህ። አልቸኮልኩም።”

ቆጣሪው በትሩን ፈለገ፤ አጠገቡ ነበር፣ ሚስቱ አቀበለችው።

“ነገ እንወርዳለን” አለ። “የቀሩትን አምስት ቤቶችም ጥሪልኝ። አንመጣም ካሉ እኔ አናግራቸዋለሁ።”

አሥራ አራት ሆነው ወረዱ። ሐኪሟ ስታያቸው “የሠርግ አጃቢ አመጣሽብኝ?” አለች። ሰባቱ ላይ ግፊቱ ተገኘ። የቆጣሪው ቀኝ ዓይን አልፎበታል፤ ግራው የቀረውን ያህል እንዲቆይ ይታገሉለታል። ልጁ ገና ከዳር ነበር የጀመራት። ጠብታውን ካላቋረጠች በርና መንገድ እያየች ታረጃለች፤ ሐኪሟ ያለችው ይህንኑ ነው፣ ከዚህ በላይ ተስፋ አልሰጠችም። ጠብታውን የሚያመጣላቸው ሰው በየወሩ በተራ ይወርዳል።

ቆጣሪው አሁን ሲቆጥር አክስቱን ከነስማቸው ይጠራል፤ አያቱንም። “ዓይናቸው በአርባ አምስት ዓመታቸው የጠፋ” ብሎ ይጨምራል። ሰው ይሳቀቃል፤ እሱ ግን አይዘልም። ሁለተኛዋ ልጁም አግብታለች፤ ባልየው ከሠርጉ በፊት ሁሉንም ሰምቶ “እኔ ደግሞ ጆሮዬ አይሰማም” ብሏል አሉ።

አናጢዋ ግን አልጨረሰችም። ቅድመ አያቷ አንዲት እህት ነበረቻቸው፤ ከሁለት ሴቶች ልጆች ጋር ተራራውን በሌላው በኩል ተሻግራ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ወሬዋ የለም። ሁለት ጊዜ ፈልጋቸዋለች። አላገኘቻቸውም። የእነዚያ ልጆች የልጅ ልጆች ዛሬ የትም ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ታሪክ ይጻፍ ስትባል እሺ ያለችው ለዚህ ነው። ያለችውን ቃል በቃል እነሆ፦

“ከቤታችሁ ‘በእርጅና ዓይኗ ጠፋ’ የተባለች አያት ካለች፣ በስንት ዓመቷ እንደጀመራት ጠይቁልኝ። ‘ልጆቿን ሳትድር’ ካሏችሁ እርጅና አይደለም። እኔን አትፈልጉኝ፣ ጊዜ አታባክኑ። ሳያማችሁ፣ አያለሁ ስትሉ፣ ሄዳችሁ የዓይናችሁን ግፊት አስለኩ። ከዚያ ለእህት ለወንድማችሁ ንገሩ። ‘በእኛ ዘር የለም’ ቢሏችሁም ንገሩ። አደራ።”