ጫንጮ ደርሼ የተመለስኩበት ቀን

ባለፈው እሑድ ቡራዩ አንድ በሽተኛ ልንጠይቅ ሄደን ነበር። አልጋው ዙሪያ ተቀምጠን ሰውየውን "እንዴት ነዎት? ምግብ ይበላልዎታል?" ስንል ቆየን። ሚስቱ የለስላሳ ጠርሙስ ትሰበስባለች። ሹራቧን ገልብጣ ነው የለበሰችው። እሷን እንዴት ነሽ ያላት የለም። ዓይኔ ከእሷ ላይ አልነሳ አለኝ።

ሱሉልታ እናቴን ሳስታምም ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አባቴ ሞቷል፤ ወንድሜ ገላን ሥራ ይዞ እዚያው ይኖራል። እናቴ አንድ ጠዋት ወደቀችና ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት። ከዚያ ወዲህ ማገላበጡም፣ ማጠቡም፣ ማጉረሱም የእኔ ሆነ። መጀመሪያ ቤቱ በጠያቂ ይሞላ ነበር። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፤ እሷን "እግዜር ይማርሽ"፣ እኔን "በርቺ" ብለው ይወጣሉ። በርቺ የሚለው ቃል ያኔ ነው የከበደኝ። ወራት ሲያልፉ ጠያቂውም ሳሳ። ጓደኞቼም አንዳንዶቹ አገቡ፣ ሌሎቹ አዲስ አበባ ገቡ።

ጥቅምት ላይ፣ ወተት የሚያመጡልን ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መጡና እናቴ አጠገብ ተቀመጡ።

"ዴሚ ኢንተላ ኮ፣ ሂጂ ልጄ" አሉኝ።

"የት ልሂድ?"

"እኔ ምን አውቄ። ፀሐይ ስትጠልቅ ተመለሺ።"

"መድኃኒቷስ?"

"አሳይተሽኝ ሂጂ።"

አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። የማን ቤት እንደምሄድ ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ። በሽተኛ አጠገብ እያለሁ ብቸኝነቴን ልብ አላልኩትም ነበር፤ እጄ ባዶ ሲሆን ነው የታወቀኝ። የአንድ ሚኒባስ ረዳት "ጫንጮ፣ ጫንጮ" ሲል ገባሁ። ግራና ቀኝ ሣር ይታጨዳል፤ ሽታው በመስኮት ይገባል። ገበያው ውስጥ እሸት ባቄላ ገዝቼ እየፈለፈልኩ ዞርኩ። የሚያውቀኝ የለም። ዳር ላይ አንድ የሣር ክምር ተደግፌ አለቀስኩ፤ አልቅሼ ሳበቃ እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰችኝ ከራስጌዬ ሣር የምትመዝ በግ ነበረች።

ስመለስ እናቴ ፀጉሯ ተሠርቷል። በሚጎተት አንደበቷ "ምን አየሽ?" አለችኝ። ገበያውን፣ ባቄላውን ነገርኳት። በጓ ላይ ስደርስ አፏ ወደ አንድ ጎን እየሄደ ሳቀች። ለካ እሷም ከእኔ አፍ "ዋጪ" እና "ዙሪ" ከሚሉት ሌላ ወሬ ከሰማች ቆይታለች።

አዴ ጫልቱ እናቴ እስክታርፍ ድረስ በየሳምንቱ እየመጡ ከቤት አስወጡኝ።

አሁን እሳቸውም የሉም። ባለቤታቸውን ለዓመታት ብቻቸውን እንዳስታመሙ የሰማሁት ለቀብራቸው ከመጡት እህታቸው ነው። "እኛ ሩቅ ነበርን" አሉኝ እህትየው፣ "አንድ ቀን እንኳ እኔ ልቀመጥልሽ ያላት ሰው አልነበረም።" እኔ ቢያንስ ጫንጮ ደርሼ መጥቻለሁ። እሳቸው ግን ሂጂ የሚላቸው ሳያገኙ ነው ሂጂ ማለትን ያወቁት።