መስቀል ያለባቸው ቃላት

ፓሳዴና ያለ አንድ ኮሌጅ አሮጌ መጻሕፍቱን ሲያስወግድ፣ ጡብ የሚያህል የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አንስቼ መጣሁ። ሰው መናገር የተዋቸው ቃላት ፊት ለፊት ትንሽ የመስቀል ምልክት አለባቸው። እኔን የማረኩኝ እነዚያ ናቸው። «አፕሪሲቲ» በብርድ ወራት የምትወጣ ፀሐይ ሙቀት ነው። «ግራመርሲ» እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነው። «ዋይለም» ማለት ደግሞ ድሮ፣ ቀደም ሲል። በምሳ ሰዓቴ ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ እየመረጥኩ ደብተር ላይ እገለብጣቸው ነበር።

ከሁሉም የወደድኩት «ኦቨርሞሮው»ን ነው፤ ከነገ ወዲያ ማለት ነው። እንግሊዞች ይህን የመሰለ ቃል እጃቸው ላይ ነበረና ጣሉት፤ ዛሬ «ከነገ በኋላ ያለው ቀን» እያሉ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። የእኛን ከነገ ወዲያ ግን አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ይላታል። የሞተው ቃላቸው እኛ ቤት በሕይወት ያለ መሰለኝና እንደ ዘመድ አየሁት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ከምቀመጥበት ምግብ ቤት የአገሬ ሰዎች ወረቀት ይዘው ይመጡብኛል፤ ለኢንሹራንስ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለአከራይ የሚላክ ደብዳቤ። «ጠንከር ያለ እንግሊዝኛ ጣል አድርግበት» ይሉኛል። ደብዳቤ ሲከብድ ይከበራል ብለን ያደግን ሰዎች ነን። በተማሪነታችን ጎበዝ የሚባለው መምህሩ ራሱ የማያውቀውን ቃል ይዞ የሚመጣ ልጅ ነበር። ያ በሽታ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ባልቴት መጡ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እዚያው ሰፈር ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ከሆኑ በኋላ ደረጃ መውጣት አቅቷቸዋል።

«ታች ያለው አፓርታማ ሊለቀቅ ነው» አሉኝ። «ማኔጀሩ በጽሑፍ አፕላይ አድርጊ፣ ለመፈረም የምትመጪበትንም ቀን ጻፊ ብሎኛል። ሰኞ ከሰዓት ይመቸኛል። ሶ፣ አደራህን አሳምርልኝ።»

«ለእኔ ይተዉት እትዬ፣ አይጨነቁ፤ ኦኬ?»

አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ሰላምታው ብቻ አንድ አንቀጽ ፈጀ። የታመመው ጉልበት ከገጹ ግርጌ፣ በከባድ ቃላት ተሸፍኖ ነው የመጣው። መጨረሻ ላይ፣ እትዬ ለመፈረም ኦቨርሞሮው ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡ ገለጽኩ። ሰኞ ብዬ መጻፍ ስችል! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ግን እትዬ በኩራት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ እኔም ከእሳቸው ብሼ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስላላየኋቸው ቤታቸው ሄድኩ። ታች ያለውን ቤት ሌሎች ሰዎች ገብተውበታል። እትዬ ደብዳቤዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ፤ ማኔጀሩ ያልገቡትን ቃላት በቀይ ከቦ መልሶላቸዋል። እሑድ ደውሎ መቼ ነው የምትመጪው ሲላቸው፣ በደብዳቤው ተማምነው «ሁሉም እዚያ ላይ አለ» ብለውት ነበር። ሰኞ ቢሮው በር ላይ በዚያ ጉልበት ሁለት ሰዓት ቆመው ጠበቁት። ቀጠሮ መኖሩን አላወቀምና አልመጣም። ማክሰኞ ቤቱን ለሌላ ሰጠው።

ክው አልኩ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነና መዝገበ ቃላቱ ላይ መስቀል እንዳለበት ነገርኳቸው።

«ሰው እንደማይናገረው እያወቅክ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ደብዳቤውን ለማን ነበር የጻፍከው?»

ለራሴ ነበር የጻፍኩት። አፈርኩ።

ብዙም አልተቆጡ። «በል ወረቀት አውጣ፣ እኔ ልንገርህ» አሉና አስጻፉኝ፤ እኔም ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ጉልበቴ ያመኛል። ደረጃ መውጣት አልችልም። ታች ያለ ቤት ሲለቀቅ እባክህን ለእኔ ስጠኝ። ይኸው ነው። «ያመኛል» የሚለውን ላሳምረው እጄን በልቶኝ ነበር፤ እንደምንም ተውኩት።

አብረን ይዘንለት ወረድን። እትዬ እያንዳንዱን ደረጃ ሁለት እግራቸውን እያገናኙ ነው የሚወርዱት። ማኔጀሩ በሩ ላይ እንደቆመ አነበበው፤ ለማንበብ ደቂቃም አልፈጀበት።

«ይህን ቀድመው ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው፤ ከልቡ አዝኖ ነበር።

እትዬ ወደ እኔ እንኳ አልዞሩም። «ይቅርታ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» አሉት።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ታች የተለቀቀ ቤት የለም።