የጋሽ ግርዶሽ ግድግዳ

አባቴን ሰፈሩ «ጋሽ ግርዶሽ» ይለዋል። ያለ ፈቃድ የተሳለ ሥዕል በታየበት ሁሉ ግራጫ ሲያለብስ ዕድሜውን የፈጀ የማዘጋጃ ቤት ቀቢ ነው። አበባ ሸፍኗል፣ ፈረስ ሸፍኗል፣ ሁለት የሚሳሳሙ ርግቦችንም አልማረም። የሳሙና ማስታወቂያ ግን ነክቶ አያውቅም፤ ማስታወቂያው ፈቃድ አለዋ!

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከቤታችን ትይዩ ባለው መጋዘን ድፍን ግድግዳ ላይ በዘይት ቀለም መስኮት ሳለች። በመስኮቱ ደግሞ ራሷን፤ በክርኗ ተደግፋ ባሏን ስትቆጣ። ፈቃድ ልትጠይቅ ብትሄድ ጸሐፊው ደንቡን አነበበላት፦ ሥዕሉ የማንንም ስሜት የማይነካ መሆን አለበት።

«እንዲያማ ከሆነ ምን አደከመኝ? ባዶው ግድግዳ መች የሰው ስሜት ነካ?» ብላ ወጣች።

የማጥፋቱ ትእዛዝ ለአባቴ ደረሰ። ጄሶና ጥቁር የዱቄት ቀለም በውሃ በጠበጠ፤ ኮላ ግን አልጨመረም። ኮላ የሌለው ቅብ ውሃ ሲነካው ይለቃል፤ ያን ግድግዳ ደግሞ የጣራው ክፈፍ ከዝናብ ይጋርደዋል። እናቴ በራችን ላይ ቆማ ሥራውን ትቆጣጠር ጀመር።

«አንተ፣ ጥግ ጥጉን ረስተሃል!»

«እሺ፣ እመቤቴ።»

«ጡረታ ስትወጣ ታጥበኛለህ።»

«አጥብሻለሁ።»

ጡረታው ሳይደርስ እሷ ሞተች። አባቴ ከዚያ በኋላ መጠበቅ አልቻለም፤ ግድግዳውን ልጠብ ብሎ ማዘጋጃ ቤት ሄደ።

ጊዜው ክፉ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ የግድግዳ ሥዕል ኮሚቴ የዓለምን ከተሞች ዞሮ ገና መመለሱ ነው። አንዱ ከተማ ለሰዓሊዎች ነጻ ግድግዳ ይሰጣል፤ ሌላው የባለቤቱን ፈቃድ ብቻ ይጠይቃል፤ ሌላው የተወደደን ሥዕል በመስታወት ይሸፍናል። ኮሚቴው ማማረጥ ስላቃተው ሁሉንም ባንድ ላይ አጸደቀ። በመጀመሪያው የመስክ ጉብኝትም የአባቴን ግራጫ አየና «የከተማችን ዝምታ» ብሎ በቅርስነት መዘገበው። ቃለ ጉባኤውን ፋይል ያደረግሁት የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ እኔ ነኝ፤ ከራሴ የጨመርኩት የለም።

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ ቅብ ነው። እኔው ነኝ የቀባሁት» አለ አባቴ።

ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠው። «እርስዎ ነዎት ሰዓሊው?»

«ከሥሩ ባለቤቴ አለች። ልጠባትና ልገላግላችሁ።»

«ጋሼ፣ ቅርስ እኮ ነው! ሠሪውም ቢሆን አያጠፋውም። ይልቅ እንክብካቤውን ለእርስዎ እንስጥዎ።» መመሪያውን ገለጠ፤ ከየት አገር እንደተቀዳ እሱም አያውቅም። «በየሳምንቱ፣ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ስፖንጅ፣ አቧራው እስኪለቅ ይታጠባል።»

አባቴ ቀስ ብሎ «በውሃ?» አለ።

«በውሃ!»

«ትእዛዝ ነው?»

«ትእዛዝ ነው እንጂ! ቀልድ መሰልዎት?»

አባቴ ትእዛዝ ጥሶ አያውቅም። መጀመሪያ የመስኮቱ ደፍ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ክርኗ፣ ቀጥሎ የተቆጣ አገጯ። ሰብሳቢው እየሮጠ ሲደርስ አባቴ መሰላል ላይ ነበር፤ ግራጫው ውሃ እስከ ብብቱ ወርዷል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እየተንከባከብኩ።»

«ዝምታውስ?»

«እሷ ባለችበት ምን ዝምታ አለ፣ ጌታዬ?»

ሰብሳቢው ስብሰባ ሊጠራ ተመለሰ። አባቴ ስፖንጁን ጨምቆ ወደ ፊቷ ጠጋ አለ።

«ጥግ ጥጉን አልረሳሁም» አላት።