ከሽንኩርቷ ሥር የጠፋው ጽሑፍ

ነቪያና መጽሐፍ ስትቀበል መጀመሪያ የምታየው የመላሿን ፊት ነው። በዶልና ቭርባ ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ ሦስት ዓመት ስለሠራች፣ አንባቢዋ መጽሐፉን ወደደችው ጠላችው ገና ከፊቷ ታውቃለች። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የከተማችን ሴቶች የወሰዱትን የፍቅር ልቦለድ በዘንቢል ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሸንጎ ነው። ማንም ሳይሾማት ዳኛዋ ነቪያና ናት።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ወንድ ነው!» ትላለች የዳቦ ቤቷ ፀና፣ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ እየወረወረች። «ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ሲያመናጭቃት ከርሞ በአንድ እቅፍ አበባ ይታረቃታል? የእኔው ባል አበባ ይዞ ቢመጣ፣ ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ኪሱን ነው የምፈትሸው!»

«አንቺማ ሳያመጣም ትፈትሺያለሽ» ትላታለች ራድካ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ። «እኔን ያንገበገበኝ ሩጫው ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አንዱ አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል ሌላው እየሮጠ ይደርሳል። ሰው ስልክ እያለው ምን ያስሮጠዋል?»

በዚህ ሁሉም ይስቃሉ፤ ከሁሉም በላይ የምትስቀው ነቪያና ናት። «ስልሳ ዓመት ሞልቷት የምትሮጥ ካገኛችሁ አምጡልኝ፤ ያኔ አለቅሳለሁ» ትላቸዋለች።

የሚወዱትንም አይደብቁም። ፍቅሩ ቀስ ብሎ ሲመጣ ይወዳሉ። ወንዱ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ የታመመች እናቱን ሲያስታምም፣ ባለታሪኳ አርባ ዓመት አልፏት ወገቧ ወፍሮ ስትወደድ ነፍሳቸው ይረካል። መጨረሻ ላይ የሚጨመረውን፣ ከሠርጉ በኋላ ልጆቹንና ቤቱን የሚያሳየውን ምዕራፍማ ሁለት ሦስቴ ያነቡታል።

ነቪያና ግን ሁለት ነገር አይታ አታልፍም። አንደኛው፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ነው። «ጠይቃው ቢሆን እኮ መጽሐፉ ገጽ ሠላሳ ላይ ያልቅ ነበር! አፍ አልፈጠረባትም?» እያለች ፊቷ ይቀላል። ሁለተኛው፣ ሴትዮዋ ለሰው ብላ፣ እንዳይጎዳ ብላ የምትዋሸው ውሸት ነው። «ማን ለምኗት? እውነቱን ተናግራ እንደ ሰው አትለያይም?» ሴቶቹ ይህን ሁሉ የንባብ ጣዕም አድርገው ይወስዱታል። ጣዕም ቢሆን ምን ነበረበት።

በእኛ ቤተ መጻሕፍት ገጽ አሥራ ሰባት የሕዝብ ነው። ሽፋኖቹ ሁሉ ስለሚመሳሰሉ፣ ሴቶቹ አንዱን መጽሐፍ ሁለቴ እንዳይወስዱ አንብበው ሲጨርሱ እዚያ ገጽ ግርጌ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት ያደርጋሉ። ፀና ቁልፍ ትሥላለች፤ ራድካ መርፌ። ሁሉም የየራሷ አላት፤ የሌላዋን ምልክት ማጥፋት ነውር ነው። ገጹ ለምን አሥራ ሰባተኛው ሆነ ቢባል የሚያውቅ የለም። ከሁሉም የምታምረው ምልክት አሮጊቷ ራይና የምትሥላት ነበረች፤ ጭራዋ ወደ ላይ የቆመ አንዲት ሽንኩርት።

ራይና እግሯ ስለማያራምዳት መጽሐፉን የሚወስድላት ልጇ ስታሜን ነበር፤ በወንዙ መሻገሪያ ጀልባ ላይ መካኒክ ነው። መንግሥት ተለውጦ እነዚያ ስስ የፍቅር መጻሕፍት እንደ ጎርፍ የመጡበት ጊዜ ነው። ነቪያና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ስታሜን መደርደሪያው ሥር ቆሞ አንድ በአንድ ገጽ አሥራ ሰባትን ይገልጣል፤ ሽንኩርት ካለ ይመልሳል፣ ከሌለ ይወስዳል። እየቆየ እሱም ማንበብ ጀመረ።

«ለምንድን ነው ወንዶቹ ሁሉ ሆቴል ያላቸው?» አላት አንድ ቀን። «ሞተር የሚጠግን ሰው አይወደድም እንዴ?»

«እጁን ታጥቦ ከመጣ ይወደዳል» አለችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጥፍሮቹን እስኪቀሉ ፈትጎ መጣ። ነቪያና አየች፤ ልቧ ድንግጥ አለ፤ ግን ምንም አላለችም። እሱም ምንም አላለም። ይህ አንድ ዓመት ያህል ቆየ።

ከዚያ አንድ ቀን የመለሰውን መጽሐፍ ገልጣ ብታይ፣ ከእናቱ ሽንኩርት ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ «ነቪያና፣ እሁድ በአሥር ሰዓት መሻገሪያው ላይ ነኝ። ብትመጪ ደስ ይለኛል። ስታሜን።» ቆማ አምስት ጊዜ አነበበችው። ደስታዋን ሳትጨርስ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ መጽሐፉን ተረኛ ሆና የምትጠብቀው ፀና ናት። ፀና ጠዋት ያየችውን እኩለ ቀን ላይ ከዳቦው ጋር ለከተማው ሁሉ ታድለዋለች። ነቪያና ከመሳቢያዋ ላጲስ አወጣች፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ ፈገፈገች። ሽንኩርቷ ብቻ ቀረች።

እሁድ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ተቀመጠች። አልሄደችም። ያነበበቻቸው ወንዶች ሁሉ በር አንኳኩተው በአፋቸው ነበር የሚናገሩት፤ «ወንድ ከሆነ መጥቶ ይንገረኝ» ብላ እስኪመሽ መስኮት መስኮቱን አየች። ሞኝነቷን ዛሬ ስናስበው አንጀት ያሳርራል፤ ያኔ ግን ኩራት መስሏት ነበር።

ሐሙስ ስታሜን መጣ። ፀና ገና አልወሰደችውምና መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነበር። አውጥቶ ገጽ አሥራ ሰባትን ገለጠ። የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ብዙ ቆየበት። ነቪያና ጠረጴዛዋ ጋ ሆና ታየዋለች። «ፀና እንዳታየው ብዬ ነው» ማለት ብቻ ነበር። አራት ቃል ናት። አፏ ድረስ መጥታላት፣ አሁን እሱ ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች።

«ይሄንን እናቴ አንብባዋለች» አለ ስታሜን፣ መጽሐፉን እየመለሰ።

«እሺ» አለች ነቪያና።

በዚያው ክረምት ሩሴ ከተማ ባለው መርከብ መሥሪያ ሥራ አገኘ ተባለ፤ ከዚያም አገባ ተባለ። ነቪያናን አንድ ሁለት ሰው ለጋብቻ ጠይቋት አልሆነላትም። ነገሩን ለማንም ሳትተነፍስ በሆዷ ይዛ መጽሐፍ ማደሏን ቀጠለች።

ዘንድሮ በመስከረም የራይና አሮጌ ቤት በር ላይ የሙት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ፎቶው ላይ ስታሜን የመርከበኛ ቆብ አድርጓል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ነቪያና ዳቦዋን ታቅፋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱን በሰዓቱ ከፈተች።

አርባው በወጣ ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ጥቁር የለበሰች ሴት በትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ ይዛ ገባች።

«ስለ ስታሜን ነፍስ ነው። ዝላቲና እባላለሁ፤ ባለቤቱ ነኝ። ሀገሩ መቀበር ፈልጎ አምጥተነው፣ እኔም የእናቱን ቤት ይዤ ቀረሁ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ሴቶቹ፤ ነቪያናም አለች። ንፍሮውን ግን ሳትቀምስ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው።

ዝላቲና ማንም ሳያስተምራት ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አውጥታ ገጽ አሥራ ሰባትን ገለጠች። «ይቺ የአማቴ ናት» አለች ሽንኩርቷን አይታ፤ ወስዳው ሄደች። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ቀርታ አታውቅም። ንግግሯ ጥቂት ነው፤ ግን ያስደነግጣል። አንድ ቀን እነ ፀና ያንን የመጨረሻ ምዕራፍ ሲያሞግሱ ሰምታ፣ «ከሠርጉ በኋላ ያለውን ለምን ይጽፉታል? አያውቁትም እኮ» አለች።

ባለፈው ሐሙስ ሌሎቹ ሲወጡ ዝላቲና ወደ ኋላ ቀረች። ጫማ እንደጠበባት ሰው እዚህም እዚያም ስትረግጥ ቆይታ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«እትዬ ነቪያና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ እንጂ።»

«ስታሜን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነገረኝ። ከእናቱ ሽንኩርት ሥር ጽፎልዎት፣ አጥፍተውት አገኘው። ቂም ይዤ አይደለም የመጣሁት፤ የሞተ ሰው ነገር ነው። እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ። ይፈልጉት ነበር?»

ነቪያና ጥቁር የለበሰችውን ሴት አየቻት። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ናት፤ ገና አርባው መውጣቱ ነው። እፈልገው ነበር ብትላት፣ ትዳርሽ የቆመው በእኔ ላጲስ ነው ማለቷ ነው። ይህን ለሐዘንተኛ እንዴት ብሎ ይነገራል? ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ ስትረግመው የኖረችውን ነገር አደረገች።

«አልፈለግሁትም» አለች። «ደህና ሰው ነበር። ልቤ ግን እሱ ጋ አልነበረም።»

ነቪያና የሴትዮዋ ፊት ይፈታል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልተፈታም። ዝላቲና ሻሿን ከአገጯ ሥር ቀስ ብላ አሰረች።

«እኔም አልፈለግሁትም ነበር» አለች። «አባቴ ነው ያጋባኝ። ስታሜንም ያውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ክፉ ሳይናገረኝ ያቀረብኩለትን ሾርባ በልቶ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ ሲመጣ ደስ ብሎኝ በር አልከፈትኩለትም። ሲሞት ጸጸተኝ። እንደው አንዲት ሴት ወድዳው ሳይገጣጠሙ ቀርተው እንደሆነ ብዬ፣ መቃብሩ ላይ ሄጄ ልነግረው ነበር ወዲህ ያልኩት።» መጽሐፏን ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። «እንግዲህ ማንም አልነበረውም ማለት ነው። ደህና ይዋሉ።»

ወጣች። ነቪያና በመስኮቱ አየቻት፤ ወገቧን ስለሚያማት አደባባዩን ቀስ እያለች ነው የምታቋርጠው። ሠላሳ እርምጃ ብትርቅ ነው። የነቪያና እግር ደህና ነው። ከወንበሯ ተነሣች፤ በሩ ጋ ደረሰች፤ «ዝላቲና!» ልትል አፏን ከፈተች።

በዚያው በር ፀና ገባች። «ጃንጥላዬን ረስቼ እኮ ነው። ውይ፣ አንቺ! ምን ሆነሻል? ያቺ ሴትዮ ምን ብላሽ ነው?»

«ምንም» አለች ነቪያና። «ምንም አላለችኝም።»

ፀና ጃንጥላዋን ከመደርደሪያው ሥር ፈልጋ አግኝታ፣ ስለ ዘንድሮ ጉንፋን አውርታ እስክትወጣ፣ ዝላቲና ወደ መቃብር ቦታው በሚወስደው መንገድ ታጥፋ ነበር።