ዛሬስ ቀንሷል?

ከፀጉር ቤት ደጃፍ ሳልፍ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ከሸተተኝ እግሬ በራሱ ይቆማል። የሚያየኝ ሰው ተራ የምጠብቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ያኔ አሰላ ነኝ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ እጄ ላይ የጋለ ብረት አለ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ታላቅ እህቴ ለአንድ የአውራጃ ጸሐፊ ታጭታ የሠርጉ ቀን ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር። በመስቀል ሰሞን፣ የጭላሎ ተራራ ጉሙን ባልገፈፈበት አንድ ብርዳም ረፋድ፣ ከጎረቤት የተዋስነውን የፀጉር መተኮሻ ከሰል ላይ አግዬ፣ ፀጉሯን ቅቤ ቀብቼ መተኮስ ጀመርኩ። ከናዝሬት የመጣው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ዓይኔ ወደ መስኮቱ ሄደ። ብረቱ ማጅራቷ ላይ አረፈ። እህቴ አልጮኸችም፤ "አቃጠልሽኝ እኮ" ብቻ አለች።

ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን አልተኛም። ቀልቶ አበጠ፣ ያሳክካትም ጀመር። እናቴ "አዋቂ ጋ ወስደን እናስቆርጠው" ብትልም እህቴ እኔን አስከትላ ክሊኒክ ሄደች። የክሊኒኩ ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር።

"እንዳታስቆርጡት፤ ከተቆረጠ ብሶበት ነው የሚመለስ" አለ። ቫዝሊንና ፋሻ ሰጠን። ጠዋትና ማታ በአውራ ጣት እያሹ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። እሷን "እጅሽን እንዳታስደርሺበት" አላት። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ "የምታይው አንቺ ነሽ። ካደገ ቶሎ ንገሪኝ፣ አዲስ አበባ እልካታለሁ። ትኩስ ሳለ ነው የሚታከመው፤ ከደነደነ ያስቸግራል" አለኝ።

እናቴ ቁስል ማየት አይሆንላትም ነበርና ያ ማጅራት ለእኔ ብቻ ተተወ። በየጠዋቱ እህቴ ዱካ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጥና "ዛሬስ ቀንሷል?" ትለኛለች። መጀመሪያ አተር ያክል ነበር። ኅዳር ላይ ባቄላ አከለ።

"ቀንሷል፣ እትዬ" አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ አውቀዋለሁ። ያቃጠልኳት እኔ ነኝ፤ አድጓል ብዬ መናገር ብረቱን ደግሜ ማሳረፍ መሰለኝ። ዞራ ጉንጬን ሳመችኝ። ምን ልበልህ፣ ያጠፋኝ ያ መሳም ነው። በማግሥቱ ውሸቱ አፌን አልከበደውም። ሳላሸው የቀረሁበት ቀን ግን የለም፤ እያደገ መሄዱ በአውራ ጣቴ ሥር ይታወቀኝ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ፀጉሯን ልትሠራ የመጣችው ሴት ፋሻውን ፈታችና "ውይ፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ዝም አላችሁ?" ብላ ሌላ መስታወት ከኋላ ያዘችላት። እህቴ አየችው። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየችኝ።

ክሊኒክ ስንሄድ ድሬሰሩ ጠባሳውን በጣቱ ተጫነና "ምነው እስካሁን? አሁንማ ደንድኗል" አለ፣ ወደ እኔ እያየ። እህቴ ቀደመችኝ።

"እኔ ነኝ የዘገየሁት" አለችው።

በማግሥቱ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ዱካዋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች፤ ቫዝሊኑንም አቀበለችኝ። እያሸሁ ጠበቅኩ። ምንም አልጠየቀችኝም። ወደ ላይ ልታስይዘው ስትመኘው የነበረውን ፀጉር በሠርጓ ቀን ማጅራቷ ላይ ለቃው ዋለች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ጠባሳ ጠይቃኝ አታውቅም።

ባለፈው ጥር አሰላ ሄጄ ነጭ ፀጉሯን አበጠርኩላት። ጠባሳው ከእርጅናዋ ጋር ለስልሶ፣ ዝቅ ብሎ አገኘሁት። እውነቴን ነው።

"ቀንሷል እኮ፣ እትዬ" አልኳት።

"እሺ" አለችኝ፣ ሕፃን እንደምታባብል። እጇን ሰድዳ ግን አልነካችውም።