የትኛው ጥይት ይሻላል?

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲያበቃ ቡራዩ ውስጥ የገጠመኝን ዛሬም አልረሳሁትም።

ሰፈራችን ሌባ በዝቶ ነበር። ብቻዬን ስለምኖር የሽጉጥ ፈቃድ አውጥቼ የትኛውን እንደምገዛ አማርጥ ጀመር። ስልኬ ላይ ስለ ጥይት ያላየሁት ቪዲዮ አልነበረም።

ጎረቤቴ ኦቦ ገላና ጡረታ የወጡ የፖሊስ ተኩስ አሠልጣኝ ናቸው። አንድ እሑድ ቤታቸው ሄጄ አማከርኳቸው። ሁለት ጥይት አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙልኝ።

«አጭሩ የማካሮቭ ሽጉጥ ነው። ረዘም ያለው ጉልበቱ ይበልጣል» አሉኝ።

«እንግዲያው ረጅሙ ይሻለኛል?»

«ቆይ እስቲ ልጄ። ሌባው ቢገባ ወዴት ነው የምትተኩሰው?»

«በሩ ጋ። ከጎኑ የቺፕውድ ግድግዳ አለ፤ አከራያችን ቤቱን ለሁለት ከፍለው ነው ያከራዩን።»

«ቺፕውድ ከሆነ ሁለቱም ይበሱታል። ማዶ ማን ነው የሚተኛው?»

«ተከራዮች ናቸው።»

«ስማቸውስ?»

ስማቸውን አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ኖረናል።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ በራቸውን አንኳኳሁ። የከፈተልኝ ማርቆስ ይባላል፤ ከሆሳዕና መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ ነው። ባለቤቱ ታሪኳ አራስ ነበረች። «እንኳን ማርያም...» ብዬ ጀምሬ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ካላንደር ሳይ «እንኳን ጌታ ረዳሽ» አልኳት። ፈገግ አለች።

አልጋቸው ከቺፕውዱ ጋር ተጠግቷል። ላነጣጥርበት ካሰብኩት ቦታ ልክ ማዶ የአሥር ቀን ሕፃን ተኝታለች።

ለማርቆስ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «እኛም እኮ ፈርተን ቁም ሳጥኑን በር ላይ አስደግፈን ነው የምንተኛው» አለኝ። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፤ ከዚያ እኔ።

በሳምንቱ የግቢውን በር አብረን አጠናከርን፤ ስልክም ተለዋወጥን። ወር ሳይሞላ፣ እኔና ማርቆስ ሥራ በሄድንበት አንድ ረፋድ፣ ሁለት ሰዎች አጥር ዘለው የእኔን በር ሲፈለቅቁ ታሪኳ ሰማች። በሯን ከውስጥ ቆልፋ በመስኮት «ሌባ! ሃቱ!» እያለች በአማርኛም በኦሮምኛም ጮኸች። ኦቦ ገላና ከዘራቸውን ይዘው ሲደርሱ ሰፈሩ ተከትሏቸው ወጣ። ሰዎቹ መፈልቀቂያቸውን ጥለው ሸሹ።

ሽጉጡን አልገዛሁም። የሚገዛውን ግን አልፈርድበትም፤ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ።

ያን እሑድ ሳስበው ይዘገንነኛል። ሕፃኗ አሁን ድክ ድክ ትላለች። ከሥራ ስመለስ እጆቿን ዘርግታ ስትመጣ አንሥቼ አቅፋታለሁ፤ ያኔ ዕድለኛ ሰው መሆኔ ይሰማኛል።